ቨርቹዋል ማሽኑ «ፈቃድ የለህም» ሲላችሁ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ከአዲስ አበባ ጫፍ። እዚህ ሰፈር ኔትወርክና ሊኑክስ የሚማር ልጅ በየብሎኩ አለ። መሃል ከተማ ድረስ ታክሲ ተሰልፎ ከመሄድ ቤቱ ቁጭ ብሎ አንድ ላፕቶፕ ላይ ሁለትና ሦስት ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም ላፕቶፑ ውስጥ በፕሮግራም የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር፣ ከፍቶ መለማመድ ይሻለዋል። የሚከፈተውም ቨርቹዋልቦክስ፣ ሃይፐር-ቪ፣ ቪኤምዌር ወይም ኬቪኤም በሚባሉ ፕሮግራሞች ነው። ታዲያ ማታ መብራት እንደመጣ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። ጥያቄው ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ «ማሽኑ አልነሳም አለ፣ ፐርሚሽን የለህም ይለኛል፣ ምን ላድርግ?» አንዱን ነገር ለአሥር ሰው በስልክ ከማወራ ብዬ መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

ላፕቶፑ የራሴ ነው፣ አድሚኑም እኔ ነኝ። ለምን ፈቃድ የለህም ይለኛል?

ያናድዳል፣ አውቃለሁ። ገንዘባችሁን ከፍላችሁ የገዛችሁት ዕቃ «አስተዳዳሪውን አነጋግር» ሲላችሁ። አስተዳዳሪው ማን ሆነና!

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ፣ አድሚን የሆነን ሰው እንኳ በዘወትር ልብሱ ነው የሚያሠራው። አካውንታችሁ አድሚን ቢሆንም የምትከፍቱት ፕሮግራም የሚነሳው በተራ ተጠቃሚ አቅም ነው። ስክሪኑ ደብዘዝ ብሎ «ይሄ ፕሮግራም ለውጥ እንዲያደርግ ትፈቅዳለህ?» የሚል ሳጥን ይመጣ የለ? ዩኤሲ የሚባለው እሱ ነው። እሱ ላይ «የስ» ካላላችሁ ሙሉ ሥልጣኑ አይሰጥም።

ግን ዋናው ጉዳይ እሱም አይደለም። ማሽን ስታስነሱ ፈቃድ የምትጠየቁት እናንተ ብቻ አይደላችሁም። ፕሮግራሙ አለ፣ ከጀርባ የሚሠራው ሰርቪስ አለ፣ የማሽኑ ዲስክ ፋይል አለ፣ ፋይሉ የተቀመጠበት ፎልደር አለ፣ ከሁሉም በታች ደግሞ ባዮሱ፣ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የላፕቶፑ መሠረታዊ ፕሮግራም፣ አለ። የኮንዶሚኒየም ግቢ ዘበኛ አሳለፋችሁ ማለት የቤቱ ቁልፍ ኪሳችሁ ገባ ማለት አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «እንዴት አድሚን ልሁን» ሳይሆን «የቱ በር ነው የተዘጋብኝ» ነው። መልእክቱ ላይ የፋይል ስም ካለ በሩ ፋይሉ ነው። የሰርቪስ ስም ካለ ሰርቪሱ ነው። አንብቡት። ብዙ ሰው ሳያነብ ኦኬ ይልና «ምን አለህ?» ስለው «እንግሊዝኛ» ብሎኝ ያርፋል።

ሁሌ «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» እያልኩ ብከፍተው አልገላገልም?

አትገላገሉም። ቨርቹዋልቦክስ ላይማ እንዲያውም ይብስበታል።

ቨርቹዋልቦክስ መስኮቱ ብቻ አይደለም። ከጀርባ ቪቦክስኤስቪሲ የሚባል ሌላ ፕሮግራም አብሮ ይሠራል። አንድ ቀን በአድሚን ከፍታችሁት ያ የጀርባው ሳይዘጋ በሌላ ጊዜ በተራው ስትከፍቱ ሁለቱ አይነጋገሩም፤ አንዱ ባለሥልጣን፣ አንዱ ተራ ሰው ሆነው ቁጭ ይላሉ። ያኔ ነው «የቨርቹዋልቦክስን ኮም ኦብጀክት መፍጠር አልተቻለም» የሚል ወይም 80070005 የሚል ቁጥር ያለበት ስህተት የሚመጣው። መፍትሔው ቀላል ነው። ሁሉንም ዝጉ፣ ታስክ ማናጀር ውስጥ ዲቴልስ የሚለው ገጽ ላይ ቪቦክስኤስቪሲን ፈልጋችሁ አቁሙት፣ ከዚያ በተራው መንገድ ክፈቱ። ሪስታርት ማድረግም ያው ነው። የፕሮግራሙን አይከን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ኮምፓቲቢሊቲ ውስጥ ገብታችሁ ሁሌ በአድሚን ክፈት የሚለው ላይ ምልክት ካለ አጥፉት። ብዙ ጊዜ ችግሩን የተከለው ራሱ ባለቤቱ ነው፣ የዛሬ ዓመት ገደማ፣ ከአንድ ቪዲዮ አይቶ።

ሌላም አለ። የቤተሰብ ኮምፒውተር ከሆነና የእናንተ አካውንት ተራ ከሆነ፣ በወንድማችሁ ፓስዎርድ አድሚን አድርጋችሁ ስትከፍቱት ፕሮግራሙ የሚነሳው በወንድማችሁ ስም ነው። ስለዚህ ባዶ ዝርዝር ታያላችሁ። «ማሽኖቼ ጠፉ!» ተብሎ በሌሊት ተደውሎልኛል። አልጠፉም፣ የሰው ቤት ገብታችሁ ነው።

በአድሚን መክፈት ተገቢ የሚሆነው ፕሮግራሙን ስትጭኑት ነው። የኔትወርክ ድራይቨር ስለሚያስገባ የግድ ነው። ከዚያ በኋላ ለፍተሻ ያህል አንዴ መሞከር ይቻላል፤ በአድሚን ሠርቶ በተራው ካልሠራ ችግሩ በእርግጥ የፈቃድ እንደሆነ አወቃችሁ። ልማድ ግን አታድርጉት።

ሃይፐር-ቪ ማሽኑን እንኳ ሳያሳየኝ «የሚያስፈልገው ፈቃድ የለህም» ይላል።

ይሄኛው ከሁሉም ቀላሉ ነው። ሃይፐር-ቪ የራሱ ግሩፕ አለው፣ ሃይፐር-ቪ አድሚኒስትሬተርስ ይባላል። ኮምፒውተር ማኔጅመንትን ክፈቱ፣ ሎካል ዩዘርስ ኤንድ ግሩፕስ ውስጥ ግቡ፣ ግሩፕስ የሚለውን ንኩ፣ ያንን ግሩፕ ከፍታችሁ ስማችሁን ጨምሩ።

አሁን ሰው ሁሉ የሚስተው ነገር። ከጨመራችሁ በኋላ ሎግ አውት አድርጋችሁ ተመለሱ። የየትኛው ግሩፕ አባል እንደሆናችሁ የሚነበበው ስትገቡ ብቻ ነው። አሥር ጊዜ መስኮቱን ብትዘጉና ብትከፍቱ ያው የድሮው መታወቂያ ነው የሚታየው።

ዊንዶውስ ሆም ያላችሁ ግን አትድከሙ። ሃይፐር-ቪ ከሆም ጋር አይመጣም፤ ፕሮ ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ከየቦታው ስክሪፕት እያወረዳችሁ ጥቅላችሁን ከምትጨርሱ ቨርቹዋልቦክስ ጫኑ።

የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ከሆነና ማሽኑ ሊነሳ ሲል የሎጎን ዓይነት አልተፈቀደም የሚል 80070569 የተባለ ቁጥር ካመጣ፣ የመሥሪያ ቤቱ ፖሊሲ የማሽኖቹን አካውንት እንደ ሰርቪስ እንዳይገባ ከልክሎት ነው። እናንተ አታስተካክሉትም። ብታስተካክሉትም ፖሊሲው ተመልሶ መጥቶ ያጠፋባችኋል። ለአይቲው ቁጥሩን ንገሩት፣ ይገባዋል።

ከጓደኛዬ በሃርድ ዲስክ የገለበጥኩት ማሽን «አክሰስ ዲናይድ» አለኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኛ ጋ አብዛኛው ማሽን ከኢንተርኔት አይወርድም። አንዱ ያወርደዋል፣ ሰፈሩ በሙሉ በሃርድ ዲስክ ይቀባበለዋል።

ኤንቲኤፍኤስ በተባለው አፎርማመጥ የተዘጋጀ ዲስክ ላይ ያለ ፋይል ሁሉ ባለቤቱ ተጽፎበታል። የሚጻፈው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። የጓደኛችሁ ዊንዶውስ ያንን ቁጥር ያውቀዋል፤ የእናንተው ግን አያውቀውም። ፋይሉን በቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሴኩሪቲ ብላችሁ ስታዩ በስም ፋንታ በኤስ የሚጀምር ረጅም ቁጥር ካለ ይሄው ነው ነገሩ። ባለቤቱ ሌላ ሰፈር ነው ያለው።

መጀመሪያ ሞክሩ የምለው ማሽኑን ከውጭ ዲስኩ ላይ ሆኖ አለማስነሳት ነው። ወደ ራሳችሁ ላፕቶፕ ገልብጡት። ኮፒ የተደረገ ፋይል ፈቃዱን የሚወስደው ከሚያርፍበት ፎልደር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ በዚህ ብቻ ያልቃል። ከዚያው ዲስክ ወደዚያው ዲስክ ካት አድርጎ መውሰድ ግን የድሮውን ፈቃድ ይዞት ይሄዳል፣ ልዩነቱን አትርሱ። ኮፒውም እምቢ ካለ ፎልደሩ ላይ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ አድቫንስድ ግቡና ኦውነር ከሚለው አጠገብ ቼንጅ ብላችሁ የራሳችሁን ስም አስገቡ። ውስጡ ላሉት ፋይሎችም ይሁን የሚለውን ሳጥን ምልክት ማድረግ አትዘንጉ፤ አለዚያ ውጭውን በር ብቻ ነው የከፈታችሁት።

ሃይፐር-ቪ ላይ አንድ ተጨማሪ ጉድ አለ። እያንዳንዱ ማሽን የራሱ አካውንት አለው። እናንተ አይደላችሁም ዲስኩን የምትከፍቱት፣ ማሽኑ ራሱ ነው። ስለዚህ እናንተ ፋይሉን እንደልባችሁ እየከፈታችሁት ማሽኑ ግን «ጄኔራል አክሰስ ዲናይድ» እያለ ያፈጣል። ዲስክ ፋይሉን በእጅ ገልብጣችሁ ወይም በሌላ ተክታችሁ ከሆነ ይሄ ይመጣል። የማሽኑ ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ ያንን ዲስክ ሪሙቭ በሉት፣ አፕላይ፣ ከዚያ መልሳችሁ ያንኑ ፋይል ጨምሩት። ሪሙቭ ማለት ፋይሉን አያጠፋውም፣ አትደንግጡ። ሲጨመር ሃይፐር-ቪ ራሱ ፈቃዱን ለማሽኑ ይጽፍለታል።

የምትሰጡት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ፎልደሩን እንዳለ ከመስጠት ከቨርቹዋልቦክስ ኤክስፖርት አድርጋችሁ በኦቪኤ፣ ማለትም ማሽኑን ሁሉ በአንድ ፋይል አጠቃልሎ በሚይዘው፣ ስጡ። ተቀባዩ ኢምፖርት ሲያደርገው ፋይሎቹ በእሱ ስም አዲስ ይፈጠራሉ፣ የባለቤትነት ጣጣ የለም። የመያዣው ዲስክ አፎርማመጥ ኤክስፋት ቢሆን ይመረጣል፤ ኤክስፋት ላይ ፈቃድ የሚባል ነገር አይጻፍም። ፋት32 ግን አይሆንም፣ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቪኤምዌር «ፋይሉን መቆለፍ አልቻልኩም» ይላል። ፈቃዴ ጠፋ ማለት ነው?

አይደለም። ሰው ግን የፈቃድ ችግር መስሎት ፎልደሩን ሁሉ ሲነካካ ያድራል።

ቪኤምዌር ማሽን ሲከፍት ሌላ ሰው እንዳይነካው ከዲስኩ ጎን በኤልሲኬ የሚያልቅ ስም ያለው ፎልደር ያስቀምጣል። ማሽኑ በሥርዓቱ ሲዘጋ ያነሳዋል። እኛ ሰፈር ግን መብራት በሥርዓቱ አይሄድም። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከሆነ ድርግም ይላል፣ ቁልፉም እዚያው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስትመለሱ ቪኤምዌር «ውስጥ ሰው አለ» ብሎ ያስባል።

መጀመሪያ ቪኤምዌርን ሙሉ በሙሉ ዝጉት፣ በታስክ ማናጀርም አረጋግጡ። ከዚያ የማሽኑ ፎልደር ውስጥ በኤልሲኬ የሚያልቁትን ፎልደሮች ብቻ ወደ ዴስክቶፕ አውጧቸው። አውጧቸው ነው ያልኩት፣ አጥፏቸው አላልኩም። ማሽኑ ከተነሳ በኋላ ታጠፏቸዋላችሁ። እኔ በጀማሪነቴ ቸኩዬ በቪኤምዲኬ የሚያልቁትን ትንንሽ ፋይሎች «ትርፍ ናቸው» ብዬ አብሬ ደለትኳቸው። ስናፕሾቶቹ፣ ማለትም የማሽኑ የየጊዜው ሁኔታ የተቀመጠባቸው፣ ነበሩ። የሁለት ሳምንት ልምምዴ አብሮ ሄደ።

«የቪኤምዌር አውቶራይዜሽን ሰርቪስ አይሠራም» ይላል።

ሰርቪስስ የሚለውን ክፈቱ፣ ቪኤምዌር አውቶራይዜሽን ሰርቪስን ፈልጉ፣ ስታርት በሉት፣ አነሳሱንም አውቶማቲክ አድርጉት። ዝርዝሩ ውስጥ ጨርሶ ከሌለ አጫጫኑ ጎድሎ ነው፤ በአድሚን ሆናችሁ እንደገና ጫኑት። በነገራችን ላይ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር የነበረውን ክራክ ጣሉት። ቪኤምዌር ወርክስቴሽን ፕሮ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2024 ጀምሮ ለሁሉም ነፃ ሆኗል፣ ለመሥሪያ ቤትም ጭምር።

ኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ ኬቪኤም «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይለኛል። ሱዶ ብዬ ልክፈተው?

ሱዶ ማለት የሊኑክሱ «በአድሚን ክፈት» ነው። ሱዶ ብላችሁ አትክፈቱት። ትእዛዞቹን በስልክ እንደማነባቸው አድርጌ ነው የምጽፋቸው፣ እናንተ በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ።

ሦስት ዓይነት አለ። ቨርት-ማናጀር (የኬቪኤም ማሽኖቻችሁ የሚታዩበት መስኮት) ከሊብቨርት (ከጀርባ ማሽኖቹን ከሚያስተዳድረው ሰርቪስ) ሶኬት ጋር መገናኘት አልቻልኩም ካለ ሊብቨርት የሚባለው ግሩፕ ውስጥ የላችሁም። ተርሚናል ላይ «ሱዶ አድዩዘር»፣ ከዚያ የዩዘር ስማችሁ፣ ከዚያ «ሊብቨርት»። ኬቪኤም ሞጁሉን መክፈት አልቻልኩም የሚል ከሆነ ያንኑ ትእዛዝ መጨረሻው ላይ «ኬቪኤም» ብላችሁ ድገሙት። ከዚያ ሎግ አውት። እዚህም ያው ነው፣ ካልወጣችሁና ካልገባችሁ አይነበብም።

ብዙ ቦታ አድዩዘር በሚለው ፋንታ «ዩዘርሞድ ሰረዝ ትንሿ ኤ ትልቋ ጂ» ተብሎ ታገኛላችሁ። ልክ ነው፣ ይሠራል። ግን ያቺን ትንሿን ኤ ከረሳችኋት ጨምረኝ ማለት ይቀርና «ከሌላው ሁሉ አውጥተህ እዚህ ብቻ አስገባኝ» ማለት ይሆናል። የጎረቤቴ ልጅ ረሳት። ሊብቨርት ገባ፣ ከሱዶ ወጣ። በራሱ ላፕቶፕ ላይ እንግዳ ሆኖ ቀረ። ላፕቶፑ ሲነሳ በሚመጣው ግራብ ሜኑ ላይ ሪከቨሪ ሞድ ገብተን፣ ሩት (የሊኑክስ ዋና አስተዳዳሪ) የሚለውን መርጠን፣ ዲስኩን «ማውንት ሰረዝ ኦ ሪማውንት ኮማ አርደብሊው ስላሽ» ብለን መጻፍ እንዲቻልበት ከከፈትን በኋላ ነው «አድዩዘር» ከስሙ ጋር «ሱዶ» ብለን የመለስነው። ስለዚህ አድዩዘርን ልመዱ።

ሦስተኛው ግራ አጋቢው ነው። ግሩፑም ተስተካክሏል፣ ግን አይኤስኦ ፋይሉን (የመጫኛ ዲስኩን ቅጂ) መክፈት አልቻልኩም ይላል። ፋይሉ ዳውንሎድ ፎልደራችሁ ውስጥ ነው አይደል? ማሽኑን የሚያስነሳው በእናንተ ስም ሳይሆን ሊብቨርት-ኬሙ በሚባል ሌላ ተጠቃሚ ስም ነው። ኡቡንቱ ደግሞ ከ21.04 ጀምሮ የሆም ፎልደርን ለሌላ ሰው ይዘጋል። ፋይሉ ክፍት ቢሆንም መንገዱ ዝግ ነው። ሆማችሁን ለዓለም ከመክፈት ፋይሉን ወደ ሊብቨርት የራሱ ማስቀመጫ ውሰዱት፦ ቫር፣ ውስጡ ሊብ፣ ውስጡ ሊብቨርት፣ ውስጡ ኢሜጅስ። ለመውሰድ ብቻ ሱዶ ያስፈልጋችኋል።

አንዴ «ሱዶ ቨርቹዋልቦክስ» ብላችሁ ከፍታችሁ ከነበረ ደግሞ የማሽኑ ፋይሎች የሩት ንብረት ሆነው ቀርተው ይሆናል። «ሱዶ ቻውን ሰረዝ ትልቁ አር»፣ ከዚያ ስማችሁና የፎልደሩ ስም። የፎልደሩ ስም መሃሉ ላይ ክፍተት ካለው በትምህርተ ጥቅስ ክበቡት።

ማሽኑ ተነሳ፣ ግን ውስጡ ሼርድ ፎልደሩ (ከላፕቶፑ ጋር የሚጋራው) አይከፈትም።

በሩ አሁን ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ነው። ቨርቹዋልቦክስ ከሆነ፣ ማሽኑ ላይ ያለው ሊኑክስ ውስጥ ሆናችሁ ስማችሁን ቪቦክስኤስኤፍ የተባለው ግሩፕ ውስጥ ጨምሩ፣ ወጥታችሁ ግቡ። ከላይ እንዳለው ነው።

ማሽኑን ዶክመንትስ ውስጥ ሳስቀምጠው አይሠራም፣ ዲ ላይ ሲሆን ይሠራል።

ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ራንሰምዌር መከላከያ የሚለው ቦታ ላይ ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ በርቶ ይሆናል። እሱ ሲበራ ያልታወቀ ፕሮግራም ዶክመንትስ ውስጥ እንዳይጽፍ ይከለክላል። ፕሮግራሙን ከተፈቀደላቸው ውስጥ ጨምሩት፣ ወይም ማሽኑን ዲ ላይ ተዉት። እኔ ዲ ላይ እተወዋለሁ።

ላፕቶፑ ሰከንድ ሃንድ ነው። ቪቲ-ኤክስ ጠፍቷል ይላል፣ ባዮስ ስገባ ፓስዎርድ ይጠይቀኛል።

በዚህ ገጽ ካሉት ሁሉ ለዚህ ነው የማዝነው፣ ምክንያቱም ዊንዶውሱ ላይ የምትነኩት ነገር የለም። ገበያችን ውስጥ ያሉት ደህና ላፕቶፖች ብዙዎቹ ውጭ አገር ድርጅት ሲገለገልባቸው የቆዩ ናቸው። ድርጅቱ ባዮሱን በአድሚን ፓስዎርድ ይቆልፈዋል፣ አንዳንዱ ሳይከፈት እዚህ ይደርሳል። ፕሮሰሰሩ ቨርቹዋል ማሽን የማስነሳት ችሎታው (ኢንቴል ላይ ቪቲ-ኤክስ የሚሉት) አለው፤ ኢንቴል ይሄን ነገር ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2005፣ ኤኤምዲ በ2006 ነው። ማብሪያው ግን ከተቆለፈው በር ጀርባ ነው።

«ትንሿን ባትሪ አውጥተህ መልሳት» ይሏችኋል። የድርጅት ላፕቶፖች ላይ አይሠራም፣ ፓስዎርዱ የሚቀመጠው ባትሪ በማይፈልግ ቺፕ ላይ ነው። ያላችሁ አማራጭ የሸጠላችሁን ሰው መያዝ ነው። ያልገዛችሁ ደግሞ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ ባዮሱን ክፈቱ፦ ዴል ከሆነ ኤፍ2፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ10፣ ቲንክፓድ ከሆነ ኤፍ1። ሻጩ «ምን ያደርግልሃል?» ካለ ይበል። ለቻርጀሩና ለስክሪኑ የተከራከራችሁትን ያህል ለዚህም ተከራከሩ።

ሰለቸኝ። «ኤቭሪዋን» ብዬ ፉል ኮንትሮል ብሰጠውስ?

ማሽኑ ሊነሳ ይችላል። ግን ያ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ማንም ሰው፣ የገባ ማንኛውም ቫይረስም፣ ዲስኩን እንደፈለገ ይጽፍበታል። ፍላሽ በየቀኑ በሚሰካበት ላፕቶፕ ላይ ይሄን አላደርገውም። ዩኤሲን ማጥፋትም፣ አንቲቫይረሱን መንቀልም ያው ነው።

ሁሉንም ሞከርኩ፣ አልሆነም። ምን ልላክልህ?

የስህተቱን ፎቶ፣ ሙሉውን፣ ከታች «ዲቴልስ» የሚል ካለ እሱንም ከፍታችሁ። የቱ ፕሮግራም እንደሆነ፣ የማሽኑ ፋይል የት እንደተቀመጠ፣ ከየት እንደመጣ። ከዚህ በፊት በአድሚን ወይም በሱዶ ከፍታችሁት ከነበረ እሱንም አትደብቁኝ፣ አልቆጣም። ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ላኩ። መብራት ከሌለ ግን እኔም የለሁም።